ተገጣጣሚ ቤት በአነስተኛ በጀት፦ ሠሪዎቹን እንዴት እናወዳድር?

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ለእናቴ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ለማሠራት ስንነሣ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ነበር። ሦስቱም «48 ካሬ ሜትር ተገጣጣሚ ቤት» ይላሉ። ዝቅተኛው ዋጋ ከከፍተኛው በሲሶ ያንሳል። ታላቅ ወንድሜ ዝቅተኛውን ይዞ በዚያው ሳምንት ቅድሚያ ሊከፍል ተነሣ። እኔ የአንድ ሌሊት ጊዜ ለምኜ ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቼ መስመር በመስመር አነበብኳቸው። ርካሹ ውስጥ መሠረት የለም። ማጓጓዣ የለም። የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የመጸዳጃ ቤት ዕቃ፣ ኮርኒስና አሸንዳ የሉም። ከገጹ ግርጌ ደግሞ «ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን አያካትትም» ይላል፤ ያ ብቻውን 15 በመቶ ነው። የጎደለውን ሁሉ ከገበያ እየጠየቅን ስንሞላው ርካሹ የተባለው ቤት ከመካከለኛው በልጦ ተገኘ።

ገንዘብ የተረፈው ሰው ሲሳሳት ያስተካክላል። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀማትን ጥሪት አንድ ጊዜ አውጥቶ ቤት የሚያቆም ሰው ግን የሚሳሳትበት ትርፍ የለውም። ይህን የምጽፈው ለእርሱ ነው። በእኔ እምነት በአነስተኛ በጀት ተገጣጣሚ ቤት የሚያሠራ ሰው ሠሪውን መመዘን ያለበት በሁለት ነገር ነው፦ ከፓነሉ (ተዘጋጅቶ ከሚመጣው የግድግዳና የጣሪያ ሰሌዳ) ውጪ ያለውን ሥራ ሁሉ ዘርዝሮ ይፈርማል ወይ? ከዚህ በፊት ያቆመው ቤትስ ስንት ክረምት አሳልፏል? የካሬ ሜትር ዋጋ ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ዝርዝሩን አንድ አድርጉ

ሠሪው የራሱን ፕሮፎርማ እንዲጽፍላችሁ አትጠብቁ። ዝርዝሩን እናንተ ጽፋችሁ፣ የዋጋውን ዓምድ ባዶ ትታችሁ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ስጡ። በወረቀቱ ላይ ቁፋሮና መሠረት ለብቻው ይስፈር። የወለሉ አርማታ ውፍረት፣ የፍሬሙ ብረት ዓይነትና የብረቱ ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የፓነሉ ውፍረትና በውስጡ ያለው ነገር፣ የላሜራው ውፍረት፣ በርና መስኮት ከነመስታወታቸው፣ ኮርኒስ፣ አሸንዳ፣ የውኃና የፍሳሽ መስመር፣ የኤሌክትሪክ መስመር ከነብሬከሩ፣ ማጓጓዣና ማውረጃ፣ የሠራተኛ ማደሪያ፣ በመጨረሻም ታክስ። አንዳንዱ ሠሪ ይህን ወረቀት ሲያይ «እኛ እንዲህ አንሠራም፤ በጅምላ ነው የምንናገረው» ይላል። እርሱን ያኔውኑ ከዝርዝሩ ብታወጡት አትጎዱም።

ስፋቱ ከየት እስከ የት እንደሚለካም አስጽፉ። ከውጭ ግድግዳ እስከ ውጭ ግድግዳ የሚለካ አለ፤ ታዛውን ጨምሮ በጣሪያው ስፋት የሚያስከፍልም አለ። ግማሽ ሜትር ታዛ ዙሪያውን ሲቆጠር 6 በ8 የሆነው ቤት በወረቀት ላይ 7 በ9 ይሆናል፤ 48 የነበረው ካሬ 63 ሆነ ማለት ነው። ሁለት ሠሪዎች ለካሬ ሜትር የተለያየ ዋጋ ሲጠሩ መጀመሪያ የሚጣራው ይህ ነው፤ አንዱ ርካሽ የመሰለው ታዛውን ስለሚቆጥር ሊሆን ይችላል።

ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸናም ቀኑ ይጻፍ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ከውጭ የሚገባ ላሜራና ብረት ዋጋው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ሠሪው ፕሮፎርማውን ለጥቂት ቀናት ብቻ ቢያጸናው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ቅድሚያ ክፍያ ከተቀበለ በኋላ «ብረት ጨመረ» እንዳይላችሁ፣ በቅድሚያው ገንዘብ የትኞቹን ዕቃዎች ወዲያው እንደሚገዛ በውሉ ላይ ስማቸው ይጠቀስ።

ሠሪዎቹ እነማን ናቸው?

ገበያው ውስጥ «ተገጣጣሚ ቤት እንሠራለን» የሚሉት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ፓነሉን ራሳቸው በፋብሪካ የሚያመርቱ ድርጅቶች ናቸው። ጥንካሬያቸው ግልጽ ነው፦ የተዘጋጀ ንድፍ አላቸው፣ የፓነሉ ውፍረት ከቁራጭ ቁራጭ አይለያይም፣ የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚቀርብ ሥዕልና ስሌት ያወጣሉ። ድክመታቸውን ለማየት ግን ትንሽ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። ትልቁ ደንበኛቸው የመንገድ ወይም የግድብ ፕሮጀክት ነው፤ ባለ 48 ካሬ ሜትሩ ሰው ተራው ሲደርስ ይጠራል። ከዚህም በላይ ፓነሉን አምርተው ገጠማውን ለሌላ ቡድን በኮንትራት የሚሰጡ አሉ። ስለዚህ «ገጣጣሚዎቹ የማን ሠራተኞች ናቸው? ጣሪያው ቢያፈስ የምጠራው ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ የፋብሪካው ስም ለጣሪያችሁ አይጠቅምም።

ሁለተኛዎቹ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች ናቸው፤ በተለምዶ ብየዳ ቤት የምንላቸው። ፍሬሙን በቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ይበይዳሉ፣ ፓነሉን ከፋብሪካ ገዝተው ያለብሳሉ። ለአነስተኛ በጀት እኔ በግልጽ የማደላው ወደ እነርሱ ነው። ቅርብ ናቸው፣ የእናንተን ንድፍ ይቀበላሉ፣ መስኮት ወደዚህ ይዙር ስትሉ ያዞሩታል፣ የመደብርና የማስታወቂያ ወጪ በዋጋችሁ ላይ አይጭኑም። ነገር ግን ያለ ተቆጣጣሪ አትያዟቸው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ሊሆን የሚገባው ቱቦላሬ 1.2 ሆኖ ሲመጣ ከውጭ አይታወቅም፤ ቀለም ከተቀባ በኋላማ ጨርሶ። የብየዳው ቦታ ላይ ብየዳው ብረቱን ከዝገት የሚከላከለውን የዚንክ ልባስ ስለሚያቃጥለው ዝገት የሚጀምረው ከዚያ ነው፤ እያንዳንዱ ብየዳ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ካልተቀባ ሁለት ክረምት አይቆይም። ስለዚህ ከምታተርፉት ላይ ጥቂቱን አውጥታችሁ አንድ መሐንዲስ ሦስት ጊዜ እንዲመጣ ተዋዋሉ፦ መሠረቱ ሳይሞላ፣ ፍሬሙ ቆሞ ሳይለበስ፣ ጣሪያው ሲያልቅ።

ሦስተኛው ከመርከብ ዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር ቤት የሚሠራው ነው። ለሱቅና ለጥበቃ ቤት መልካም ነው። ለመኖሪያ ግን ልኩን አስቡት፦ ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር በውስጥ ስፋቱ 2.35 ሜትር ገደማ ሲሆን ወለሉ 14 ካሬ ሜትር እንኳን አይሞላም። በሁለቱም ጎን የሙቀት መከላከያና ሰሌዳ ሲለጠፍበት ወደ 2.2 ሜትር ይወርዳል። አንድ ሜትር ተኩል አልጋ ስታስገቡ የሚቀራችሁ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት ኮንቴይነር ጎን ለጎን አድርጎ መካከሉን መቁረጥ ይቻላል፤ ሆኖም የኮንቴይነር ጥንካሬ ያለው በቆርቆሮ ግድግዳውም ጭምር ስለሆነ የተቆረጠው ቦታ በብረት ካልተደገፈ ጣሪያው ይጎብጣል። በዚህ ላይ የክሬን ኪራይ አለ፤ የሰፈራችሁ መንገድ ከባድ መኪና የማያስገባ ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

አራተኛው ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ ነው፦ ፕሮጀክት ሲያልቅ የሚፈርሱ የሠራተኛ ካምፖች በጨረታ ይሸጣሉ። ዋጋው አንዳንድ ጊዜ በእውነት ዝቅተኛ ነው። ከገዛችሁ ግን ከመፍረሱ በፊት ሂዱና እያንዳንዱን ፓነል በቀለም ቁጥር አስጽፉ፤ ያልተቆጠረ ካምፕ ተፍታትቶ ሲመጣ የማይገጥም ክምር ነው። አብዛኛዎቹ ለጥቂት ዓመት አገልግሎት ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ፓነላቸው ቀጭን ነው፣ የቆየ የቡሎን ቀዳዳም ይበዛባቸዋል። ጣሪያውን አዲስ አድርጎ ግድግዳውን ከካምፕ መግዛት መሐል ያለ አማራጭ ነው።

ከቻይና ወይም ከቱርክ ሙሉውን ቤት አስጭኖ ማምጣት በተለይ በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሲታይ ያጓጓል፤ ሥዕሉ ያምራል፣ ዋጋው በዶላር ሲነገር ትንሽ ይመስላል። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለው ጉዞ፣ ቀረጡና የማከማቻው ክፍያ ሲደመር ግን ሌላ ቁጥር ነው። ዕቃው ደርሶ አንድ ሣጥን ማያያዣ ቢጎድል እዚህ የሚሸጥ ምትክ ላይኖር ይችላል። ለአንድ ቤት አልመክርም።

ፓነሉን በእጃችሁ ፈትሹት

«ሳንድዊች ፓነል» ማለት በሁለት ቀጭን ላሜራ መካከል የተጣበቀ የሙቀት መከላከያ ነው። መካከሉ ነጭ ፎም፣ ማለትም ፖሊስታይሪን፣ ወይም ቢጫ ፖሊዩሬቴን፣ ወይም የድንጋይ ሱፍ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በዋጋ ብቻ ሳይሆን በጠባይም ይለያያሉ። ለተመሳሳይ ውፍረት ሙቀትን በመከልከል ፖሊዩሬቴን ይበልጣል፤ ነጩ ፎምና የድንጋይ ሱፍ ተቀራራቢ ናቸው። በእሳት ፊት ግን የድንጋይ ሱፍ አይቀጣጠልም፤ ነጩ ፎም በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መሟሸሽ ይጀምራል፣ ሲነድም ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ የፖሊዩሬቴን ጭስ ደግሞ እጅግ መርዛማ ነው። በአነስተኛ በጀት አብዛኛው ሰው የሚገዛው ነጩን ነው፤ እኛም የገዛነው እርሱን ነው። ነጭ ፎም ግን ሁሉም እኩል አይደለም።

ፈተናው ቀላል ነው። ሠሪውን የፓነል ቁራጭ ለምኑት። ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ላሜራውን ልጣችሁ ከፎሙ ላይ 20 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ፤ ይህ ልክ 1 ሊትር ይዘት ይሆናል። በትንሽ ሚዛን መዝኑት። 15 ግራም ከሆነ ፎሙ በኪዩቢክ ሜትር 15 ኪሎ ግራም ነው ማለት ነው፤ ለግድግዳ እኔ ከዚህ በታች አልወርድም። ከ10 ግራም በታች የሚመዝነው በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል፣ ኳሶቹ ይረግፋሉ። ላሜራውንም በካሊፐር ለኩት። በእኛ ገበያ ቆርቆሮ በጌጅ ይጠራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። 28 ጌጅ ወደ 0.4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ 32 ጌጅ ወደ ሩብ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ለጣሪያ 28ን፣ ቢበዛ 30ን ያዙ። ከእኛ ሦስት ሠሪዎች አንደኛው «0.4» ብሎ የጻፈው ሲለካ 0.3 ሳይሞላ ቀርቷል፤ ስንጠይቀው «ከቀለሙ ጋር ነው» አለን። ቀለም አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር አይወፍርም።

ከውስጥ በኩል ለክፍልፋይ አግሮስቶን የሚያቀርቡም አሉ፤ በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ የተለመደ ሰሌዳ ነው። በደረቅ ክፍል መካከል ደህና ነው። ነገር ግን እንደ አግሮስቶን ከማግኒዥየም ክሎራይድ ጋር የተሠራ ሰሌዳ እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ምስማርና ቡሎንም ያዝጋል፤ ተመሳሳይ ሰሌዳዎችን በውጭ ግድግዳ ውስጥ የተጠቀሙ የዴንማርክ ሕንፃዎች ጨዋማ ውኃ እያላቡ ብዙ ወጪ አስከትለዋል። ስለዚህ ለመታጠቢያና ለማድቤት አትፍቀዱ።

«ቀላል ስለሆነ መሠረት አያስፈልገውም»

ይህን ዓረፍተ ነገር ከሦስት ሠሪዎች ከሁለቱ ሰምቻለሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝም እርሱ ነው። የቤቱ ክብደት ትንሽ መሆኑ እውነት ነው። ደብረ ብርሃንም፣ ቢሾፍቱም፣ የአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮችም የተቀመጡት ግን በጥቁር አፈር ላይ ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ እብጠቱን በመጠኑ ይጫነዋል፤ ቀላል ቤት ግን አብሮ ይነሣል። አንዱ ጥግ ሲነሣ ሌላው ሲቀር በሩ አይዘጋም፣ የፓነሉ መጋጠሚያ ይከፈታል፣ ውኃ በዚያ ይገባል። ስለዚህ በጥቁር አፈር ላይ ለቀላል ቤት የሚደረገው ጥንቃቄ ለከባዱ ከሚደረገው የሚያንስ አይደለም።

ማድረግ ያለባችሁ ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ በተመረጠ አፈር እየጠቀጠቁ መሙላት፣ ከዚያ በድንጋይ ግንብና በአርማታ ማሰሪያ ማሰር ነው። ጥልቀቱን መሐንዲሱ ቦታውን አይቶ ይወስን። የቤቱ ወለል ከግቢው መሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ይህችን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ለማስቀረት የሚሞክር ሠሪ ብዙ ነው፤ የፓነሉ የታችኛው ጠርዝ ከሚረጭ ውኃ ጋር ሲኖር ግን ዝገት ከእግሩ ይጀምራል። ለማየት በሄድንበት በሌላ ሠሪ ቤት ላሜራው ከታች በኩል በጣት ሲነካ ይፈረፈር ነበር፤ ቤቱ ገና አራት ዓመቱ ነው።

ቀላልነቱ በሌላ በኩል ሁለት ውጤት አለው። ነፋስ ሊያነሣው ስለሚችል ፍሬሙ ከመሠረቱ ጋር አርማታ ውስጥ በተቀበረ ቡሎን መታሰር አለበት፤ ከአርማታው በኋላ ተቆፍሮ የሚገባ ትንሽ ቡሎን አትቀበሉ። ጥሩው ጎን ደግሞ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በአፋር የነበረው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ብዙዎቻችንን ከአልጋ አስነሥቷል። መንቀጥቀጥ በሕንፃ ላይ የሚያመጣው ኃይል ከክብደቱ ጋር ስለሚያድግ፣ በደንብ የታሰረ ቀላል የብረት ቤት በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ለሚኖር ሰው ትልቅ ጥቅም ነው።

ምጣድ፣ ከሰልና የእናቴ ማድቤት

የውጭ አገር ንድፎች የማያውቁት ነገር አለ፦ እኛ እንጀራ እንጋግራለን፣ ቡና በከሰል እናፈላለን። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት ነው፤ ያም ለሰዓታት ያለ ማቋረጥ። ከሌላ ሶኬት ጋር በተጋራ ቀጭን ገመድ ላይ ከተሰካ ገመዱ ይግላል። ገመዱ በፓነሉ ውስጥ ካለፈ ደግሞ ፎሙ ሙቀቱን ስለሚያፍነው የበለጠ ይግላል። በዚህም ላይ የፒቪሲ ገመድ ልባስ ከፖሊስታይሪን ጋር ተነካክቶ ሲኖር ቀስ በቀስ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለሠሪው በጽሑፍ የምትሰጡት ይህን ነው፦ ገመድ ሁሉ በቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ለምጣዱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የራሱ ገመድና የራሱ ብሬከር ይኑር፤ ቤቱ ብረት ስለሆነ ፍሬሙ በመሬት ገመድ (ኧርዝ) ከመሬት ጋር ይያያዝ። የመጨረሻውን ስትጠይቁ ሠሪው «ምን ያደርጋል?» ካለ ኤሌክትሪኩን ለሌላ ባለሙያ ስጡ። ልባሱ የተላጠ አንድ ገመድ ግድግዳውን በሙሉ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል።

እኛ ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ማድቤቱን ከፓነል አላሠራነውም። ከቤቱ ኋላ በብሎኬት ለብቻው ቆመ። ወጪው ከፈራነው ያነሰ ነበር፤ ምክንያቱም ለምጣድ የሚሆን እሳት የማይፈራ ፓነል ከመግዛት አራት የብሎኬት ግድግዳ ይረክሳል። እንፋሎቱም ከመኝታ ቤት ወጣ። ይህ እንፋሎት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ቤት ውስጥ የተጋገረበትና የተተነፈሰው እርጥበት ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ሲገናኝ ጠል ይሆናል፤ ጠዋት የኮርኒሱ ጥግ ይንጠባጠባል፣ ሰዎች ጣሪያው አፈሰሰ ብለው ሠሪውን ይከሳሉ። መድኃኒቱ ከመስኮት በላይ የማይዘጋ ትንሽ የአየር መውጫና የፍሬሙን ብረት ከውስጥ በሰሌዳ መሸፈን ነው።

ስለ ቅዝቃዜው ከተነሣ፦ 5 ሳንቲ ሜትር ነጭ ፎም ከ20 ሳንቲ ሜትር ባዶ ብሎኬት ግድግዳ ቢያንስ አራት እጥፍ የተሻለ ሙቀት ይይዛል። ይህን ሠሪዎቹ ሲናገሩ እውነት ነው። የማይናገሩት ግድግዳው ሙቀት የሚያከማች አካል እንደሌለው ነው፤ ማሞቂያው ከጠፋ ቤቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይ ሲወጣ ቶሎ ይሞቃል። በድሬዳዋና በአዳማ ይህ ጠባይ ማታ ይጠቅማል፣ ቀን ግን መስኮቶቹ ትይዩ ካልሆኑ ያስጨንቃል። በቆላው ምስጥና አይጥ ፎሙን ይቦረቡሩታል፤ ስለዚህ የፓነሉ ጠርዝ ሁሉ በላሜራ ይዘጋ።

የቆመውን ቤት ሄዳችሁ እዩ

ሠሪው የሠራውን ቤት አድራሻ ስጠን በሉት፤ ቢያንስ ሦስት ክረምት ያለፈበት ይሁን። ከእርሱ ጋር አትሂዱ። ባለቤቱን ሳይሆን፣ ከተቻለ፣ ቤቱ ውስጥ የምትውለውን እመቤት አነጋግሩ። በሐምሌ በረዶ ሲጥል ስልክ ማነጋገር ይቻላል ወይ? ቡፌውንና ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ ሰቅላችኋል ወይስ አልያዘም? ፓነል ብቻውን ከባድ ነገር አይሸከምም፤ የሚሰቀልበት ቦታ አስቀድሞ በብረት ወይም በእንጨት መደገፍ አለበት፤ ይህን ሳይጠይቃችሁ የሚያነሣ ሠሪ ቤት ውስጥ የሚኖረውን ሰው ያሰበ ነው። ከዚያ ዙሪያውን ዙሩ። የመስኮቱን የታች ጥግ፣ የግድግዳውን እግር፣ የጣሪያውን ቡሎን ጎማ እዩ። መጋጠሚያው በሲሊኮን ብቻ የተደፈነ ከሆነ የደጋው ፀሐይ በጥቂት ዓመት ያደርቀዋል፤ በላሜራ እጥፋት ተሸፍኖ ውኃው በራሱ እንዲወርድ የተደረገው ግን ይቆያል። እኛ የመረጥነውን ሠሪ ያስመረጠን ይህ ጉብኝት ነው። አዛውንቷ ባለቤት ሻይ አቅርበው «ልጁ በየመስከረም ደውሎ ጣሪያውን ይጠይቀኛል» አሉን።

ውሉና ክፍያው

ውሉ «የግንባታ ሥራ ውል» ይባል እንጂ «የዕቃ ሽያጭ ውል» አይባል። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያዛል። ሠሪው ዕቃ ብቻ እንደሸጠ ከተጻፈ ይህን መብት ለማስከበር መከራከር ሊኖርባችሁ ነው። ብዙ ሠሪዎች በውላቸው ላይ «የአንድ ዓመት ዋስትና» ብለው ይጽፋሉ፤ ሰውም ስጦታ እንደተቀበለ ያመሰግናል።

«ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚባለውንም አትመኑ። ወደ ከተማችሁ የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ሳትጠይቁ ቅድሚያ አትክፈሉ። የባንክ ብድር ካሰባችሁም ባንኩ እንዲህ ያለውን ቤት በመያዣነት ይቀበል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ክፍያውን ከሥራው ጋር እሰሩት። እኛ 30 በመቶ ቅድሚያ ሰጠን፤ ፍሬሙ ቦታው ላይ ቆሞ መሐንዲሱ ሲያየው 30፣ ግድግዳና ጣሪያ ሲለብስ 30፣ የቀረው 10 በመቶ ክረምቱ ካለፈ በኋላ። በመጨረሻው ላይ ሠሪው ተከራክሯል፤ ተረድቻለሁ፤ ለአነስተኛ ድርጅት አሥር በመቶ ትርፉ ሁሉ ሊሆን ይችላል። አምስት በመቶ ላይ ብትስማሙም እንኳን ይሁን፤ ዋናው ከዝናብ በኋላ የሚከፈል ገንዘብ መኖሩ ነው። ትልቅ ድርጅት ከፍ ያለ ቅድሚያ ከጠየቀ የባንክ የቅድሚያ ክፍያ ዋስትና እንዲያቀርብ ጠይቁት፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሥራው በኅዳር ተጀምሮ መሠረቱ በበጋ ቢወጣ፣ ቤቱ በግንቦት ቢረከብ፣ ከዚያ በኋላ ክረምቱ ራሱ ይፈትነዋል።

ተገጣጣሚ የማያዋጣው መቼ ነው?

ገንዘባችሁ በእጃችሁ የሌለ፣ ከደመወዝና ከዕቁብ እየተቆራረጠ የሚመጣ ከሆነ ብሎኬት ይሻላችኋል። ብሎኬት ቤት በዚህ ዓመት መሠረቱ ወጥቶ በመጪው ዓመት ግድግዳው ሊነሣ ይችላል፤ ተገጣጣሚ ቤት ግን በአንድ ጊዜ ካልተዘጋ ፓነሉ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ይበላሻል። በተቃራኒው ገንዘቡ በአንድ ላይ ካለና በግንባታው ወራት የቤት ኪራይ የምትከፍሉ ከሆነ፣ በጥቂት ሳምንታት መግባቱ ራሱ ቁጠባ ነው፤ የስንት ወር ኪራይ እንደሚያስቀርላችሁ ቁጠሩና ከዋጋው ላይ ቀንሱት። ወደፊት ፎቅ የመጨመር ሐሳብ ካለም የፓነል ቤት ያንን አይሸከምም፤ ያኔ ከመጀመሪያው በአርማታ ማሰብ ነው።

አሁን እኔ እንደገና ብጀምር፦ በእጄ ሙሉ ገንዘብ ካለ፣ ቦታው ሩቅ ካልሆነና መሐንዲስ ካገኘሁ የብረታ ብረት ሥራ ቤቱን እመርጣለሁ። መሐንዲስ የማላገኝበት ቦታ ከሆነ ወይም ግንባታውን ከውጭ አገር ሆኜ የምከታተለው ከሆነ ግን ዋጋው ቢበልጥም ራሱ የሚገጥም ፋብሪካ ጋር እሄዳለሁ፤ በሌለሁበት ማንም የቱቦላሬውን ውፍረት አይለካልኝምና። ሁለቱም ባይሆኑ መሠረቱንና ማድቤቱን በብሎኬት አውጥቼ፣ የቀረውን ገንዘብ እስኪሞላ አቆያለሁ።

የእናቴ ቤት ሁለት ክረምት አልፎታል። በመጀመሪያው ነሐሴ የሳሎኑ መስኮት የታች ጥግ ረጠበ፤ አሥሩ በመቶ ገና አልተከፈለም ነበርና ሠሪው በሳምንቱ መጥቶ ላሜራውን አውልቆ እጥፋቱን አስተካከለ። የቀረውን ገንዘብ መስከረም 20 ቀን አስገባንለት።